ዶሮዎቻችን የት ይደሩ?

በሺሺንዳ ዙሪያ ዶሮ የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ ጋ ሦስት፣ ሌላው ጋ ዐሥር አለ። ቀን ቀን በቡናው ሥርና በእንሰቱ መካከል እየጫሩ ይውላሉ። ሲመሽስ? ሲመሽ ብዙዎቹ ከሰው ጋር አንድ ቤት ይገባሉ። ከአልጋ ሥር፣ ከማጀት ጥግ፣ ከጥጃ አጠገብ ያድራሉ።

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ዶሮ ማደሪያ ነው። ረዘም ይላል። በአንድ ቀን አንብቦ መጨረስ የከበደው ሰው የደረሰበት ላይ ምልክት ያድርግ፤ በማግሥቱ ይቀጥላል።

ነገሩ የተነሣው በትምህርት ሰዓት ነው። የመቀነስ ሒሳብ ላይ ነበርን። «ከ9 ላይ 6 ቢቀነስ ስንት ይቀራል?» ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ አንዲት እናት ጣታቸውን እንኳ ሳይቆጥሩ «ሦስት!» አሉ።

«እንዴት ቶሎ አወቁት እማማ?» አልኋቸው።

«እንዴት አላውቅ ልጄ! አምና ሸለምጥማጥ የፈጀብኝን እኮ ነው የጠየቅኸኝ።»

ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። አምና ዘጠኝ ዶሮ ነበራቸው። በጓሮ በእንጨት አጥር ውስጥ ያሳድሯቸው ነበር። አንድ ሌሊት ሸለምጥማጥ ገባና ስድስቱን ገደለ። የበላው አንዱን ብቻ ነው፤ አምስቱን አንገታቸውን ነክሶ ጥሏቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ የተረፉትን ሦስቱን ይዘው ቤት አስገቡ። ዘንድሮ ተራብተው እንደገና ዘጠኝ ሆነዋል። ዘጠኙም ከመደቡ ሥር ያድራሉ።

ችግሩ እዚያው ቤት የልጅ ልጃቸው አለ። ገና ዓመቱ ነው፤ ይድሃል። በየጊዜው ተቅማጥ ይይዘዋል። ምራታቸው «ዶሮዎቹ ከዚህ ቤት ይውጡ» ትላለች። እሳቸው ደግሞ «ወጥተው ለሸለምጥማጥ?» ይላሉ። «ልጁንም እወዳለሁ፤ ዶሮዎቹንም አልጥልም። ጨዉንም ደብተሩንም የሚገዛልኝ እንቁላሉ ነው» አሉን። ከተማሪዎቹ አንዱ «እማማ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብዎ፤ የያዙትን ይጠብቁ» ሲል መከረ። ሌላው ደግሞ «ከልጅ የሚበልጥ ምን ተይዞ ነው?» አለ። በዚያ ቀን ሒሳቡ እዚያው ላይ ቀረ።

ማን ነው ልክ?

እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ልክ ናቸው። ለዚህም ምክንያት አለኝ። ዴሬክ ሄዲ እና ካሌ ሂርቮነን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአገራችን ገጠር የሚኖሩ ቤተሰቦችን አጥንተው ውጤቱን በ2016 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ጥናቱ እንዲህ አለ፦ ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመታቸው ሻል ያሉ ናቸው። ዶሮ እንቁላል ይሰጣል፤ ገንዘብም ይሰጣል። ነገር ግን ዶሮው ሌሊት በመኖሪያ ቤት ውስጥ ሲያድር የልጆቹ ቁመት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህም ማለት ዶሮው የሰጠውን ጥቅም አብሮ ማደሩ መልሶ ይወስደዋል ማለት ነው።

ለምን? ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክንያት ይህ ነው። የሚድህ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ያደርጋል። በወለሉ ላይ የዶሮ ኩስ አለ። በኩሱ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። ልጁ ኩሱን ሲነካና እጁን ሲልስ ወደ ሆዱ ይገባሉ። አንጀቱ በተደጋጋሚ ይታመማል። አንጀቱ የታመመ ልጅ ደግሞ የበላው ምግብ አይጠቅመውም።

ስለዚህ ምራትየዋ ልክ ናት፤ ዶሮ ከልጅ ጋር አይደር። አያትየዋም ልክ ናቸው፤ ዶሮ እንዲሁ ወደ ውጭ አይጣል። የሚያስፈልገው ሸለምጥማጥ የማይገባበት፣ ዝናብ የማያበሰብሰው፣ ብዙ ገንዘብ የማይፈጅ ሌላ ቤት ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ፣ ፔሩ በሚባል አገር፣ በተራራ ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ኩይ የሚባል ትንሽ እንስሳ ያረባሉ። አይጥ ይመስላል፤ ግን ጅራት የለውም፤ ሣር ይበላል። ከጥንት ጀምሮ የሚያድረው በማድ ቤት ነበር፤ ከምድጃው አጠገብ በወለሉ ላይ እንደ ልቡ ይሯሯጣል። በኋላ ግን ባለሙያዎች ለብቻው ቤት ይሠራለት አሉ። አሠራሩም ቀላል ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት 45 ሳንቲ ሜትር ብቻ። በዚህ ውስጥ 10 ሴትና 1 ወንድ ይቀመጣሉ። ኩይ መውጣትም መዝለልም ስለማይችል ከአንድ ክንድ ያልበለጠ ግድግዳ ይበቃዋል። ይህን ለክፍሉ ስነግር አንድ አባት «ታዲያ እሱን ነበር ማርባት!» አሉ።

የእኛ ዶሮ ግን ሌላ ናት። እንስሳውን ሳያውቁ ቤት መሥራት እንደማይቻል እኔው ራሴ ተሳስቼ ተማርሁ።

የመጀመሪያው ቤት

በማግሥቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የዶሮ ቤት ሣልሁ። መሬት ላይ የተቀመጠ፣ በእንጨት የታጠረ፣ በሩ ወደ ምዕራብ የሆነ። አየር እንዲገባ ብዬ እንጨቶቹን አራራቅኋቸው። ሥዕሉ ቆንጆ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ዛፍ ላይ ቀፎ በመስቀል የታወቁ ሽማግሌ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ተመለከቱና «አስተማሪ፣ ይህ ቤት ለዶሮ ነው ወይስ ለሸለምጥማጥ?» አሉኝ።

አፈርሁ። ቀጥለውም አስረዱኝ። ሸለምጥማጥ ቀጭን ነው፤ ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው ያልፋል። በእንጨቶቹ መካከል ይገባል። ሌላው አውሬ ደግሞ ከግድግዳው ሥር ቆፍሮ ይገባል። በዚህ አገር ዝናብ ብዙ ወር ይዘንባል፤ መሬት ላይ የተሠራ ወለል ሁልጊዜ እርጥብ ይሆናል። «ዶሮ እኮ ከላይ መተኛት ነው የምትወደው። እንደ ቀፎ አድርገህ አስባት» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የዛሬ ዶሮዎች የመጡት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ከሚኖር ቀይ የዱር ዶሮ ነው። እሱ ዛሬም ሲመሽ ዛፍ ላይ ይወጣል። ዶሮ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረች ብዙ ዘመን ሆኗታል። በአገራችን እንኳ በትግራይ መዝበር በሚባል ቦታ ከ2,400 ዓመት በላይ የሆነው የዶሮ አጥንት በቁፋሮ ተገኝቷል። ይሁንና ያን ሁሉ ዘመን ኖራም የዛፉን ነገር አልረሳችም። ማታ ማታ ከፍ ያለ ነገር የምትፈልገው ለዚህ ነው። አባቶቻችን ይህን ስላወቁ ነው ቆጥ የሚሠሩላት።

ሁለተኛው ቤት

ሁለተኛውን ቤት ከተማሪዎቹ ጋር ሆነን ሠራነው። የተሠራው በእኒያ እናት ጓሮ ነው። ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። እንጨቱ ባሕር ዛፍና ቀርከሃ ነው፤ ከጫካው ዛፍ አልቆረጥንም። የገዛነው ሚስማር፣ ማጠፊያና አንድ ሜትር የሽቦ መረብ ብቻ ነው። ለጣራው ሁለት አሮጌ ቆርቆሮ ተገኘ።

ከሁሉ በፊት መለኪያ ሠራን። አንድ ቀጥ ያለ ቀርከሃ ወስደን ርዝመቱን 1 ሜትር አደረግን። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በቢላዋ ምልክት አደረግንና 10፣ 20፣ 30 እያልን እስከ 100 ጻፍንበት። ቁጥሮቹን የጻፉት ተማሪዎቹ ናቸው። መለኪያ የሌለው ሰው በስንዝር ይለካ። አንድ ስንዝር ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የሰው እጅ ግን አንድ ዐይነት ስላልሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚለካው አንድ ሰው ይሁን። አለበለዚያ ቤቱ ይጣመማል።

ቦታው ከመኖሪያ ቤት በጣም የራቀ አይሁን፤ ሌሊት ዶሮ ብትጮህ መሰማት አለበት። በጣምም አይቅረብ። ውሃ የማይተኛበት ከፍ ያለ መሬት ምረጡ። በሩ ወደ ምሥራቅ ይዙር። የጧት ፀሐይ ስትገባ ወለሉን ታደርቃለች። ዝናብና ነፋስ በብዛት የሚመጣበት ጎን ግን ድፍን ግድግዳ ይሁን።

አራት ምሰሶ ተከልን። ምስጥ እንዳይበላቸው ከመሬት የሚገባውን ጫፋቸውን በእሳት ለበለብነው። ወለሉ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ያለ ነው። ቀፎ ሰቃዩ አባት በየምሰሶው ላይ የዘይት ቆርቆሮ ጠፍጥፈው አለበሱበት፤ አይጥ ሲወጣ ያንሸራትተዋል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሸለምጥማጥ ዘላይ ነው። ምሰሶውን ማስረዘም ብቻ አያድንም። የሚያድነው ቀዳዳ አለመኖሩ ነው።

የቤቱ ርዝመት 1 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 120 ሳንቲ ሜትር ነው። ለዘጠኝ ዶሮ ይበቃል። ቀን ወጥተው ለሚውሉ ዶሮዎች በአንድ ሜትር ካሬ ላይ አምስት ያህል ማሳደር ይቻላል። ቀኑንም ሌሊቱንም ተዘግተው የሚኖሩ ከሆነ ግን ይህ አይበቃቸውም፤ ይጣላሉ፣ ይነካከሳሉ፣ ላባ ይነቃቀላሉ።

ወለሉ የቀርከሃ ርብራብ ነው። በርብራቡ መካከል ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተትቷል። ኩሱ በዚያ ወደ መሬት ይወድቃል። ወለሉ ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ከሥር ያለውን ቦታ ዶሮዎችና ልጆች እንዳይገቡበት በእንጨት አጠርነው። ኩሱ በየሳምንቱ ይጠረጋል። አይጣልም! ለእንሰትና ለጎመን ትልቅ ማዳበሪያ ነው። ነገር ግን ትኩሱን በተክል ሥር አታድርጉት፤ ያቃጥላል። ከቅጠልና ከገለባ ጋር ደባልቃችሁ ከምሩት፤ በስብሶ አፈር ሲመስል ተጠቀሙበት።

ቆጡን ስንሠራ ሒሳቡ ተመልሶ መጣ። አንድ ዶሮ በቆጥ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር፣ ያስፈልጋታል። የአንዱ ቆጥ ርዝመት 120 ነው። 120 ለ20 ሲካፈል 6 ይሆናል። ሁለት ቆጥ ከሆነ 12 ዶሮ ይይዛል። ዘጠኙ ገብተው ለሦስት ቦታ ይተርፋል። ሁለቱን ቆጥ በአንድ ከፍታ አድርጓቸው። አንዱ ከፍ ካለ ሁሉም ከላይኛው ላይ ካልተቀመጥን ብለው ይጣላሉ። (ይህ የዶሮ ብቻ ጠባይ አይደለም።) የቆጡ እንጨት የልጅ ክንድ ያህል ይወፍር፤ ጠርዙ ይላግ።

ለእንቁላል መጣያ ሁለት ሳጥን አደረግን። ርዝመቱም ወርዱም 30፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር ነው። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ሳጥን ይበቃል። ጨለም ባለ ጥግ፣ ከቆጡ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከቆጡ ከፍ ካለ ዶሮዎቹ እዚያው ይተኙበታል፤ እንቁላሉም በኩስ ይቆሽሻል።

ግድግዳው በጭቃና በጭድ ተመረገ። ከጣራው ሥር አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ቦታ ትተን በሽቦ መረብ ሸፈንነው። ይህ የአየር መውጫ ነው። አንዳንድ ሰው ብርድ ይገባል ብሎ ይደፍነዋል። አትድፈኑት! የበሰለች ዶሮ ደረቅ ከሆነች ብርድን ትችላለች፤ የማትችለው እርጥበትንና የታፈነ አየርን ነው። እርጥብ ኩስ የሚያቃጥል ሽታ ያወጣል፤ አሞኒያ ይባላል። የዶሮዋን ሳንባና ዐይን ይጎዳል። ቤቱ የታፈነ መሆኑን ለማወቅ ጧት በሩን ስትከፍቱ ጎንበስ ብላችሁ በዶሮዋ ቁመት ልክ አሽትቱ። ዐይናችሁን ካቃጠላችሁ እሷንም አቃጥሏታል።

ቆርቆሮው ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ወጣ ይበል፤ ዝናቡ ግድግዳውን እንዳያጥበው ነው። በሩ በደንብ የሚገጥምና መቀርቀሪያ ያለው ይሁን። ትንሽ መሰላልም ሠርተንላቸዋል። ማታ ዶሮዎቹ ከገቡ በኋላ መሰላሉ ይነሣል። ይህን የነገሩን ቀፎ ሰቃዩ አባት ናቸው፤ እኔማ አላሰብሁትም ነበር።

ቤቱ ብቻውን አያድንም

ሦስት ነገር ልጨምር።

አንደኛው ቅንቅን ነው። ቅንቅን ቀን በእንጨትና በጭቃ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል። ሌሊት ወጥቶ ከዶሮዋ ደም ይመጣል። ዶሮዋ ትከሳለች፤ እንቁላል ታቆማለች፤ ቆጥ መውጣትም ትጠላለች። ቆጡን በየጊዜው አውጥታችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ድፈኑት። በደረቅ ቦታ አመድ ከአፈር ጋር ደባልቃችሁ አኑሩላቸው፤ ዶሮዎቹ ራሳቸው ይንከባለሉበታል። ለቡናና ለበቆሎ የተገዛ የተባይ መድኃኒት ግን በዶሮ ቤት ውስጥ በፍጹም አይረጭም። ዶሮዋን ሊገድል ይችላል፤ መርዙም በእንቁላሉ በኩል ለሰው ይተርፋል።

ሁለተኛው ፈንግል ነው። ፈንግል በገባበት መንደር ዶሮ በአንድ ሳምንት ያልቃል። መድኃኒት የለውም። ክትባት ግን አለው፤ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል። በዐይን አንድ ጠብታ የሚሰጥ ዐይነት አለ። አንድ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ይሻላል። የልማት ሠራተኛችሁን ጠይቁ፤ መቼ እንደሚደገምም እሱ ይነግራችኋል። ፈንግል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከገበያ ነው። ለበዓል የገዛችኋትን ወይም ሳይሸጥላችሁ የተመለሰውን ዶሮ ወዲያው ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅሉ። ሁለት ሳምንት ለብቻው በቅርጫት ወይም በሌላ ጥግ ይቆይ።

ሦስተኛው ስለ ጫጩት ነው። ጫጩት ብርድ አይችልም። እናቱ ካለች እሷ ታሞቀዋለች፤ እሷንና ጫጩቶቿን በቅርጫት ሥር ለይቶ ማቆየት ነው፤ ቀንም ከጭልፊት ይድናሉ። በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው የሌማት ትሩፋት ጫጩት የወሰዱ ቤተሰቦች አሉ። እነዚህ ጫጩቶች እናት የላቸውም፤ ሙቀትና መኖ ለምደው የመጡ ናቸው። ቤታቸው ተሠርቶ ሳያልቅ ጫጩት መውሰድ ኪሳራ ነው። መጀመሪያ ቤቱ፣ ከዚያ ጫጩቱ።

አሁን እንዴት ናቸው?

ዘጠኙ ዶሮዎች አዲሱ ቤት ከገቡ ሁለት ሳምንት አልፏል። መጀመሪያ አራት ቀን ከምግብና ከውሃ ጋር ዘጋንባቸው፤ ቤታቸው መሆኑን እንዲለምዱ ነው። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለቀቅናቸው። ሲመሽ ስምንቱ በመሰላሉ ወጥተው ገቡ። አንዷ ቀይ ዶሮ ግን እምቢ አለች። የአቮካዶው ዛፍ ላይ ወጣች። እማማ «ትውረድ ብዬ ብለምን፣ በዱላ ብነካካ፣ አልሰማ አለችኝ» አሉ። ጧት ከዛፉ ሥር ላባዋ ብቻ ተገኘ። በዚያው ሌሊት ሸለምጥማጡ ወደ ዶሮው ቤትም ሄዷል፤ በበሩ ላይ የጥፍር ጭረት አይተናል። አልገባም።

ልጁስ? ምራታቸው ወለሉን ጠርጋ፣ አመድ ነስንሳ፣ እንደገና ለቅልቃዋለች። ተቅማጡ ቀርቷል ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «አሁን ደህና ነው፤ ግን ገና ሁለት ሳምንቱ እኮ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ውሃውም፣ የእጅ መታጠቡም የራሱ ድርሻ አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልጁን በየወሩ ልትመዝነው ቀጠሮ ሰጥታለች።

እማማ ማታ ማታ ዶሮዎቹን ቆጥረው በሩን ይቀረቅራሉ። ቁጥሩን በከሰል በበሩ ላይ ይጽፋሉ፤ ጧት ሲከፍቱ ቆጥረው ያመሳክሩና ያጠፉታል። ማንም አላዘዛቸውም። ትናንት አመሻሽ ላይ በዚያ ሳልፍ አየሁት። «8» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ትንሽ ጠመም ባለ ፊደል «ዘግቻለሁ» ተብሎ ተጽፏል።